ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ የሚብሰው አደጋ

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ፣ ከስክሪኑ ጥግ ሰዓቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት ቆማ ያገኛሉ። ኮምፒውተሩ የደህንነት ማሻሻያ አውርዶ ጨርሷል፤ ተዘግቶ እንደገና እንዲነሳ ይለምናል። ወረፋ የያዘ ተማሪ አለ፤ ተጠርዞ ለአማካሪው መድረስ ያለበት የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ስለዚህ «በኋላ» የምትለው ቁልፍ ትጫናለች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም እንዲሁ።

የቢሮና የሱቅ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ስውል ከማያቸው ነገሮች ሁሉ ይህችን ቁልፍ ያህል የሚያሳስበኝ የለም። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ አንድ ክፍተት ሲገኝ አደጋ ይኖራል፣ ማሻሻያው ሲወጣ አደጋው ያበቃል፣ እኔም ሲመቸኝ እጭነዋለሁ። ማሻሻያውን ለጫነ ሰው ሐሳቡ እውነት ነው። ላልጫነው ግን ነገሩ ይገለበጣል። አደጋው ይበልጥ የሚከፋው ማሻሻያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ወይም በስልካችን ላይ ያለው አንድሮይድ፣ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ነው። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን የሜሞሪ ክፍል እንደሚጠቀም፣ ማን የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት፣ ከኔትዎርክ የመጣው መልእክት ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች አሉት፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት እየተቀባበሉ የጻፉት ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ስሕተት አይጠፋም። አብዛኛው ስሕተት ቢበዛ አንድ ፕሮግራም እንዲቆም ያደርጋል። ጥቂቱ ግን ለማያውቁት ሰው የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን አሳልፎ ይሰጣል።

የከተማችን ሰው ፋሲል ግቢን አሳምሮ ስለሚያውቅ በእሱ ላስረዳ። የግቢው የዙሪያ ቅጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች ነበሩት። ፊት በር፣ ወምበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር እያንዳንዳቸው ስምና የራሳቸው ባለጉዳይ ነበራቸው። ኮምፒውተርም ከኔትዎርክ ጋር የሚገናኘው ፖርት በሚባሉ፣ በቁጥር በተለዩ በሮች ነው። ቁጥራቸው እስከ 65,535 ይደርሳል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚስተናገደው በ443 ነው። በአንድ ቢሮ ያሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩት ደግሞ በ445 ነው። ባለጉዳይ የሌለው በር ዝግ ነው፤ ክፍት የሆነው ላይ ዘበኛ ቆሟል። ዘበኛው የመጣውን መልእክት ተቀብሎ የሚያነበው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ኮድ ነው። ከባድ የሚባለው የደህንነት ክፍተት በሩ ክፍት ሆኖ መገኘቱ አይደለም፤ በሩማ ለሥራ የተከፈተ ነው። ክፍተቱ ያለው ዘበኛው ላይ ነው። በተንኮል የተቀነባበረ መልእክት ሲቀርብለት ግራ ይጋባና ከውጭ የመጣውን ትእዛዝ የንጉሡ ትእዛዝ አድርጎ ይፈጽመዋል።

ማይክሮሶፍት ክፍተቶችን በአራት የአደጋ ደረጃ ይመድባል። የላይኛው ደረጃ በመሠረቱ የሚሰጠው ባለቤቱ ምንም ሳይጫን፣ ማስጠንቀቂያም ሳያይ፣ አጥቂው የፈለገውን ኮድ በማሽኑ ላይ ማስኬድ ለሚችልበት ክፍተት ነው። አጠራጣሪ ኢሜይል አለመክፈት ከብዙ ነገር ያድናል፤ ከዚህ ዓይነቱ ግን አያድንም። ኮምፒውተሩ በርቶ ከኔትዎርክ ጋር መገናኘቱ ብቻ በቂ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ክፍተት የነበረው በዚሁ በ445 በር ላይ ነው። ኢተርናልብሉ ተብሎ በሚታወቀው የጥቃት ዘዴ ስም ይጠራል። እንዴት እንደተፈጠረ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የዚያን ሁሉ ጥፋት መነሻ ስናየው አንዲት የሒሳብ ስሕተት ሆና እናገኛታለን።

ፋይል ለመጋራት የሚያገለግለው ኤስኤምቢ የተባለው የመልእክት ሥርዓት ኦኤስ/2 ከሚባል አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር ለመግባባት የሚያስችል ክፍል ነበረው። በዚያ አጻጻፍ የተዘጋጀ የፋይል ባሕርያት ዝርዝር ሲመጣ ዊንዶውስ ወደ ራሱ አጻጻፍ ይገለብጠዋል። ከመገልበጡ በፊት መጠኑን ያሰላል። መጠኑ የሚመዘገብበት ቦታ ሁለት ክፍል አለው ብለው ያስቡ፦ ላይኛው ክፍል 65,536 ስንት ጊዜ እንዳለ ይቆጥራል፣ ታችኛው ክፍል ቀሪውን ይይዛል። አጥቂው «የዝርዝሬ መጠን 65,536 ነው» የሚል መልእክት ይልካል። ላይኛው ክፍል 1፣ ታችኛው 0 ይሆናል ማለት ነው። ኮዱ ዝርዝሩን ሲመረምር ጫፉ ላይ የማይረባ ነገር ያገኝና መጠኑን ዝቅ ለማድረግ ይወስናል፤ ጥቃቱን የመረመሩ ባለሙያዎች ባሳዩት ስሌት ወደ 65,373። እንግዲህ ላይኛው ክፍል ወደ 0፣ ታችኛው ወደ 65,373 መለወጥ ነበረባቸው። ኮዱ ግን ታችኛውን ብቻ ለወጠ። ላይኛው ክፍል 1 እንደሆነ ቀረ። 65,536 እና 65,373 ሲደመሩ 130,909። ሊቀነስ የታሰበው ቁጥር እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው በራሱ ይሄዳል። ቦታ የተዘጋጀው ለትንሹ መጠን ነው፤ ግልበጣው የሚካሄደው ግን በትልቁ ነው። ትርፉ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ ጎረቤቱ ላይ ይፈሳል። ምን እንደሚፈስ የሚወስነው ደግሞ መልእክቱን ያዘጋጀው ሰው ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከርነል በሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ኮዱን ማስኬድ የቻለ ሰው ከእሱ በላይ ማንም ከልካይ የለበትም። የይለፍ ቃል አልተጠየቀም፤ ባለቤቱም ምንም አልነካም።

ጥገናው ምን እንደነበር ካወቁ የበለጠ ይገርማል፦ ኮዱ ሁለቱንም ክፍሎች እንዲጽፍ ማድረግ። በዋናው ጉዳይ ላይ የተደረገው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። ማይክሮሶፍት ይህን ጥገና ሲያወጣ የተጠገነው ፋይል ለሁሉም ሰው ይደርሳል፤ ለእርስዎም፣ ለእኔም፣ ለአጥቂውም። አጥቂው የድሮውን ፋይልና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህን የሚያነጻጽሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ከብዙ ሺህ የኮድ ክፍሎች መካከል የተለወጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ፕሮግራሙ እነሱን ነቅሶ ያወጣለታል። የተለወጠችውን ቦታ ያየ የሙያው ሰው ከለውጡ ተነስቶ ስሕተቱ ምን እንደነበር ይደርስበታል። ማሻሻያው ከመውጣቱ በፊት ክፍተቱን ለማግኘት ወራት የሚፈጅ ድካም ያስፈልግ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን የት መፈለግ እንዳለበት የሚያሳየው ማሻሻያው ራሱ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ሐምሌ 9 ቀን አንድ ከባድ ክፍተት ደፈነ። ማሻሻያው ተፈታቶ ተጠና፤ ብላስተር የተባለው ራሱን በራሱ የሚያባዛ ትል ነሐሴ 5 ቀን ተለቀቀ። በመካከል ያለው 26 ቀን ነው። ያን ጊዜ በየዓለሙ ኮምፒውተራቸው በራሱ እየጠፋ የተቸገሩት ሁሉ መድኃኒቱ ከወጣ ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የተያዙ ናቸው።

የኢተርናልብሉ ታሪክ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ዘዴውን መጀመሪያ ያዘጋጀው የአሜሪካ የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማሻሻያውን አወጣ። በወሩ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ሻዶው ብሮከርስ በሚል ስም የሚንቀሳቀስ ቡድን የጥቃት መሣሪያውን እንዳለ በኢንተርኔት ላይ ዘረገፈው። ዕለቱ ስቅለት ነበር፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ በዋልንበት ቀን ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዘዴውን ለመጠቀም ማነጻጸርም መመራመርም አላስፈለገም። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ተነሳ። ከማሻሻያው እስከ ጥቃቱ 59 ቀን።

ዋናክራይ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ፋይሎችን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፍና ለመክፈቻው 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቃል፤ በሦስት ቀን ካልተከፈለ ወደ 600 ያሳድገዋል። ከሁሉ የከፋው በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ላይ የደረሰው ነው። 19 ሺህ ያህል የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል፤ አምቡላንሶች ከአንዳንድ ሆስፒታሎች ወደ ሌላ እንዲዞሩ ተደረገ። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሲያጣራ የተያዙት ተቋማት ሁሉ ያው አንድ ክፍተት እንደነበረባቸውና ራሳቸውን ለመጠበቅ ማድረግ የሚችሉት ነገር ቀላል እንደነበር ደመደመ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የእኛው ሆስፒታል ነው። ከደባርቅ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሕመምተኛ ካርድ ክፍል ሲደርስ «ዛሬ ሲስተም የለም» ቢባል የሚመለስበት ቦታ የለውም። ማሻሻያ የኮምፒውተር ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ስርጭቱን የገታው የ22 ዓመቱ እንግሊዛዊ ማርከስ ሃቺንስ ነው። ቫይረሱ ወደ አንድ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ ለመድረስ እንደሚሞክር አይቶ አድራሻውን በራሱ ስም አስመዘገበ፤ ቫይረሱም አድራሻው መልስ ሲሰጠው ሥራውን የሚያቆም ሆኖ ተገኘ። ዓለም ተነፈሰ። ክፍተቱ ግን ባልተሻሻሉት ማሽኖች ላይ እንዳለ ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ጎንደር ያለችውን ትንሽ ሱቄን ማን ብሎ ያጠቃል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ዋናክራይ ማንንም አልመረጠም። አንድ ማሽን ላይ ከተቀመጠ በኋላ በዚያው ኔትዎርክ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያንኳኳል፤ ከዚያም በዘፈቀደ የኢንተርኔት አድራሻ እያወጣ 445ን ይሞክራል። የሚከፈትለት በር የባንክ ይሁን የፎቶ ኮፒ ቤት አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ታዲያ ሰው ለምን አይጭንም? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። አራዳ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ያላቸውን አንዲት እናት «እትዬ፣ አፕዴቱን ለምን አስዘጉት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ልጄ፣ ማታ የሞላሁት ፓኬጅ ጠዋት አልቆ አገኘዋለሁ» አሉኝ። «ባለጉዳይ አፍጥጦ ቆሞ ደግሞ ኮምፒውተሩ ‹ቆዩ እየሠራሁ ነው› ይለኛል። መብራት መካከል ላይ ቢሄድስ?»

ሦስቱም ስጋቶች እውነተኛ ናቸው። የዊንዶውስ ወርሐዊ ማሻሻያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይሆናል፤ አንዳንዴ ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል። አምስት ኮምፒውተር ያለው ቤት አምስት ጊዜ ቢያወርድ የወሩ ፓኬጅ እዚያው ቀረ። ለዚህ ግን መላ አለው። ዊንዶውስ ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ቅንብር አለ፤ ከሴቲንግስ ውስጥ የዊንዶውስ አፕዴት ተጨማሪ አማራጮች ሥር ይገኛል። በአካባቢያዊ ኔትዎርክ ላይ ላሉ ማሽኖች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ሲከፈት፣ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ከኢንተርኔት የሚመጣው መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ኔትዎርክ ለሌለው ቤት ደግሞ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ከሚባለው ድረ ገጽ የወሩን ማሻሻያ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማዞር ይቻላል። ከ2009 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ወርሐዊው ማሻሻያ ያለፉትን ወራት ጥገና ጠቅልሎ የሚይዝ ስለሆነ ስድስት ወር የዘገየ ኮምፒውተር ስድስት ፋይል አይጠይቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ይበቃዋል። ማውረጃውን በዩኒቨርሲቲ ወይም በመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ማድረግ የሚችል ልጅ በየቤቱ አለ።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ፣ ዊንዶውስ ማሻሻያ ሲጭን መካከል ላይ ቢቋረጥ ወደ ነበረበት ለመመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ሁልጊዜ ይሳካል ብዬ ግን አልዋሽም። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ መጀመር፣ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ላይ ማድረግ፣ ከሁሉም በፊት የሥራ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው። መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ዲስክ ከተገለበጠ በኋላ መነቀል አለበት፤ ተሰክቶ ከቀረ ቤዛ ጠያቂው እሱንም ይቆልፈዋል።

እንደገና የማስነሳቱ ጥያቄም ምክንያት አለው። ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ የከርነሉን ፋይሎች ከፍቶ እየተጠቀመባቸው ስለሆነ በአዲሶቹ ሊተካቸው አይችልም። አዲሱ ፋይል ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሜሞሪ ውስጥ የሚሠራው ያው አሮጌው ነው። «አውርጃለሁ እኮ» የሚል ሰው ኮምፒውተሩን ካላስነሳው እንዳልጫነ ይቆጠራል። ማታ ሲዘጋም ክዳኑን ከድኖ ከመሄድ «አሻሽለህ ዝጋ» የሚለውን መምረጥ ነው። ኮምፒውተሩ ባለጉዳይ በሚበዛበት ሰዓት በራሱ እንዳይነሳ አክቲቭ አወርስ በሚባለው ቅንብር የሥራ ሰዓትን ማሳወቅ ይቻላል። የምዝገባ ወይም የፈተና ሳምንት ከሆነ ደግሞ እስከ 35 ቀን ማቆየት ይፈቅዳል። ማቆየትና ለዘለቄታው መዝጋት የተለያዩ ናቸው፤ የቆየው በጊዜው ይመለሳል፣ የተዘጋው ግን እንደተዘጋ ይረሳል።

«አፕዴት ኮምፒውተር ያበላሻል» የሚለው ወሬም ከባዶ አልተነሳም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ትልቁ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች በመደምሰሱ ማይክሮሶፍት ስርጭቱን ለማቆም ተገዷል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ድርጅት የለቀቀው የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሎ አየር መንገዶችን ሁሉ አቆመ። የመጀመሪያው አዳዲስ ነገሮችን ይዞ የሚመጣ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ሁለተኛው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን የሌላ ድርጅት ምርት ነበር። ወርሐዊው የደህንነት ጥገና ከሁለቱም ይለያል፤ ከእንከን የጸዳ ነው ማለት ባይሆንም። ልምድ ያለው ቢሮ የሚያደርገው ማሻሻያውን መጀመሪያ እምብዛም በማይፈለግ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ፕሪንተሩና የሒሳብ ፕሮግራሙ መሥራታቸውን አይቶ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ለሌሎቹ ማዳረስ ነው። ሁለት ቀን መጠበቅ ጥንቃቄ ነው። ሁለት ወር ግን ዋናክራይ ከጠበቀው ጊዜ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረው ሕገ ወጥ ቅጂ ነው። የዋጋውን ነገር አውቃለሁ፤ የአንድ ዊንዶውስ ፈቃድ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው። ግን ብዙዎቹ ቅጂዎች አፕዴታቸው ተቆርጦ ነው የሚመጡት። ፈቃድ ሳይገዛ ዊንዶውስን ለማስከፈት የሚጫነው ማንቂያ (አክቲቬተር) የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ከመሥራቱ በፊት የቫይረስ መከላከያውን እንዲያጠፉ ይጠይቃል። ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፕሮግራም የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን በገዛ እጅ መስጠት ነው። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመክፈትና ለማተም ብቻ ለሚያገለግል ኮምፒውተር ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በነጻ ይገኛል፤ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስሪት ለ5 ዓመት የደህንነት ጥገና ያገኛል። የአማርኛ ፊደልም ይጽፋል።

እስካሁን ስለ አንድ ኮምፒውተር ነው ያወራሁት። ቢሮ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይጠናል። ከዋናክራይ በኋላ፣ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ተነሳ። የተጀመረው ከዩክሬን ነው፤ ብዙ ድርጅቶች ለግብር ሥራ ከሚጠቀሙበት አንድ ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ገባ። ኢተርናልብሉን ተጠቅሞ ወዳልተሻሻሉት ማሽኖች ይዘልቃል፤ ከሜሞሪያቸው የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ይለቅማል፤ በዚያ ይለፍ ቃል ደግሞ ወደተሻሻሉት ማሽኖች እንደ ሕጋዊ ሰው ይገባል። እንግዲህ ሃያ ኮምፒውተር ካለው ቢሮ አሥራ ዘጠኙ ቢሻሻሉ፣ ጥግ ላይ ያለችው የመዝገብ ቤቱ አሮጌ ማሽን ለአሥራ ዘጠኙም መግቢያ ትሆናለች። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነማ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፣ ነገሩ በደቂቃዎች ያልቃል።

የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ማርስክ በዚያ ቀን 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ መትከል ግድ ሆነበት። ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የኔትዎርኩ የተጠቃሚዎች መዝገብ ያለባቸው ሰርቨሮች በሙሉ ተደምስሰው አንድ ብቻ ተረፈ፤ እሱም ጋና ውስጥ የነበረው ነው። የተረፈበት ምክንያት ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ከኔትዎርክ ወጥቶ ስለነበር ነው። የጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው አንዱ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፣ ከዚያ ሌላው ተቀብሎ ወደ እንግሊዝ አደረሰው። ያን ግዙፍ ድርጅት መልሶ ለማቆም መነሻ የሆነው ይህ ዲስክ ነው። ለእኛ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ከኔትዎርክ ተነቅሎ የተቀመጠ አንድ ቅጂ ሁሉም ሲጠፋ ይቀራል። መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ሳምንት በሳምንት በእጅ ነቅሎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ጊዜውን ማወቅም ይጠቅማል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የማይክሮሶፍት ወርሐዊ ጥገና የሚወጣው በፈረንጆች ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት አንዱን ኮምፒውተር መሞከሪያ አድርጎ፣ ዓርብ ማታ ሁሉንም አሻሽሎ መዝጋት ለአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት የሚከብድ ሥርዓት አይመስለኝም። መጫኑን ለማረጋገጥ ደግሞ በመፈለጊያው ላይ ዊንቨር (winver) ብለው ሲጽፉ የስሪቱ ቁጥር ይወጣል፤ በዊንዶውስ አፕዴት የታሪክ መዝገብ ውስጥም ማሻሻያዎቹ የተጫኑበት ቀን ይታያል። እጅግ አስቸኳይ ክፍተት ሲገኝ ማክሰኞን ሳይጠብቅ የሚወጣ ማሻሻያ አለ፤ እሱን ያዩ ዕለት ቀጠሮ የለም፣ የዚያኑ ዕለት መጫን ነው። በአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚያወጣቸውን ማስጠንቀቂያዎች መከታተል ለዚህ ይረዳል።

የቀረው ማሻሻያ የማይመጣለት ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ከተማችን ውስጥ አገልግለው የመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል አያሟሉም፤ በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለዊንዶውስ 10 የግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው የማራዘሚያ መርሐ ግብር ሲታወጅ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሚቆይ ተገልጿል፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ያለውና ቅንብሩን ከአካውንቱ ጋር ያመሳሰለ ሰው ያለ ክፍያ የሚገባበት መንገድም ነበረው። በአፕዴት ገጹ ላይ ግብዣው ከታየ መመዝገብ ነው።

ለዚህም ለማይበቃው ማሽን፣ ጨርሶ ሊጣል ካልተቻለ፣ ሥራውን ማጥበብ ይገባል። ከኢንተርኔት ይነቀል፤ ኤስኤምቢ 1 የተባለው አሮጌው የፋይል መጋሪያ ከዊንዶውስ ፊቸርስ ዝርዝር ውስጥ ይጥፋ፤ የባንክና የኢሜይል ይለፍ ቃል አይጻፍበት። ፍላሽ ሲሰካበትም በራሱ እንዳይከፍት አውቶፕሌይ ይዘጋ። በ2001 ዓ.ም. የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ትል ጥቅምት 13 ቀን የተደፈነን ክፍተት ተጠቅሞ ከወር በኋላ ወጣ፤ ቆይቶም በፍላሽ ጭምር መዛመት ጀመረ። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ይድናል ብለው የተማመኑትን የያዛቸው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ የተማሪ ፍላሽ መጀመሪያ የተሻሻለው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይፈተሽ፤ አሮጌው ማሽን የሚታተመውን ከዚያ ይቀበል።